ከሌሊቱ ዘጠኝ

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ባትሪዬን አበራሁ፤
ከቦዬ ረግረግ ጅብ ሲጮህ ትንሽ ፈራሁ።
በአራት እግር የቆመ ነጭ ሣጥን ከፍቼ፣
የእርጥቡን፣ የደረቁን፣ ሁለት ሜርኩሪ አይቼ፣
የዝናቡን ውኃ ለክቼ፣ ደፍቼ፣
አንገቴን አቀናሁ።
በሙያችን ሕግ ሰማይ ስምንት እጅ ነው፤
ስንቱን ደመና ያዘው? ስንቱ ነው ባዶው?
መቁጠር ነው ሥራዬ፤ ሌላው የፈጣሪው።

ይህ የሌሊት ፈረቃ የመኩሪያ ነበር፤
ዘመተ። ካፖርቱ ቀረ፣ ሚስማር ላይ ሊያድር።
ከዚያ የጣሰው ሆነ፤ ከዚያ የአባ ቢያ ልጅ፤
ክረምቱ ሳይወጣ ቀረን ሦስት ሴቶች፣ አንድ ራዲዮና ደጅ።
ካፖርቱን በየተራ ለበስነው፤
በኪሱ አንዲት የቆሎ ፍሬ አገኘን፣ አልጣልነው።

አንድ ማክሰኞ መቶ አለቃ መጣ፤
ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ።
«ከዛሬ ጀምሮ የአየሩ ጠባይ
ምስጢር ነው» አለን፣ «ደመናም ፀሐይ።
ከጦሩ በቀር አይነገርም ለማንም፤
ለባልም፣ ለእናትም።»
ራውዳ ሳቅ አፍኗት ጣሪያ ጣሪያ አየች፤
«ሰማዩንስ በምን ሊጋርዱት ነው?» አለች፣
እሱ ከሄደ በኋላ።

በየሦስት ሰዓቱ፣ አምስት አምስት አኃዝ፣
ድምፃችን በራዲዮው ፉጨት መሐል ሲጓዝ፣
ወዲያ ማዶ ያለው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር፦
«ደመናው ስንት እጅ? ይብረር ወይስ ይደር?»
ስምንት ካልሁ፣ አንቶኖቩ አያርፍም፤ ምልምሎቹ ሜዳው ላይ ይውላሉ፣
እናቶች በአጥሩ ቀዳዳ ምሳ ያቀብላሉ።
ሁለት ካልሁ፣ ያርፋል።

አንድ ጠዋት ስምንት ልጽፍ፣ እርሳሱ እጄ ላይ ላበ።
ቀና አልሁ። ከጅሬን በላይ ሁለት ብጥስጣሽ፣
የቀረው ሰማያዊ፣ ምንም የሌለበት።
ሁለት ነበረ። ሁለት አልሁ።
ያን ቀን ስልሳ አራት ልጆች ተሳፈሩ።
ቆጥሬአቸዋለሁ፤
መቁጠር ነው ሥራዬ።

አባ ገሮ ጡብ ይመታሉ፤ ሲደርቅላቸው ይበላሉ፣
ካልደረቀ ያው ጭቃ ነው፤ ከነልጆቻቸው ጦም ያድራሉ።
ማታ ማታ አጥራችን ሥር፣ «ልጆቼ፣ ነገስ?» ይላሉ።
«አናውቅም» እንላለን።
እናውቃለን።
በሐሙስ ገበያ ማግስት ሦስት ሺህ ጡብ ሟሙቶ አወቱ ገባ።
ምንም አላሉንም። መዳፋቸውን አዩት፣ አሻሹት፣ ሄዱ።

በሳምንቱ ራውዳ ልብስ አጠበች፤
ሰጥታው ሳይደርቅ፣ መልሳ አወረደች፣
በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ በአንድ፣ ሰው እያያት፦
ያንጠባጠበ ቀሚስ፣ አንሶላ፣ የመኩሪያን ካፖርት።
«አበደች» አሉ ጎረቤቶች።
ከሰዓት በኋላ ጎርፍ መጣ።
ሌላ ቀን ገመዳችን ሲራቆት፣ አባ ገሮ ሸራ ይዘው ከቤት ወጡ በሩጫ።
ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ማንበብ ለመደ፦
ልብስ ካለ፣ አስጣ፤ ከሌለ፣ ሰብስብ፤
ቀይ ሻሽ ብቻውን ከዋለ፣ ቆርቆሮህ ላይ ድንጋይ ጫን።
እኛ ግን አንዲት ቃል አልወጣንም፤ ለባልም፣ ለእናትም።
እርጥብ ልብስ ምስጢር ነው የሚል ወረቀት አልመጣም።

መቶ አለቃው አንድ ቀን ገመዱ ሥር ቆመ፤
የካፖርቱን እጅጌ ጨመቀ።
«እዚህ አገር ልብስ አይደርቅም» አለ፣ ወደ ጂፑ አዘገመ።
ያወቀ ይመስለኛል። ወይም እናቱ በርበሬ ታሰጣ ይሆናል፣ አንድ ቦታ።

ዛሬም ከሌሊቱ ዘጠኝ። ባትሪዬ አንድ ክንድ አያልፍም።
ነጩን ሣጥን በዳበሳ አገኘሁት።
ጉም፤ አወቱ የለ፣ ማኮብኮቢያው የለ፣ እግሬም የለ።
ሰማይ ጨርሶ ከጠፋ፣ በእኛ መዝገብ ስምንት አይባልም፤
ከስምንት በላይ አንድ ቁጥር አለ።

«ጅማ፣ ጅማ፣ ደመናው ስንት?»
«ዘጠኝ።»
«ሰዓቱን አይደለም የጠየቅሁሽ!»
«ሰዓቱም ዘጠኝ፣ ሰማዩም ዘጠኝ።»
«አልተሰማም፤ ድገሚው።»
ደገምሁት። ሳልዋሽ፣ ደስ እያለኝ፣ ሦስቴ ደገምሁት።
በካፖርቱ ኪስ ውስጥ ጣቴ የቆሎዋን ፍሬ ነካት፤
አለች።